ስምና ባሕርይ፦ የሥላሴ ትምህርት ከአክሱም እስከ ታችኛው ኦሞ

(በጂንካ ለሕዝብ የቀረበ የታሪክ ዲስኩር፤ በጽሑፍ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ምሥጢረ ሥላሴ ነው። የቆምሁት ግን እንደ መምህረ ሃይማኖት ሳይሆን እንደ ታሪክ መምህር ነው። ትምህርቱ እውነት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለሊቃውንቱ ትቼ፣ ትምህርቱ በምን ቃላት ተነገረ፣ ቃላቱስ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ተላለፉ፣ እዚህ እኛ ዘንድ ሲደርሱ ምን ገጠማቸው የሚለውን እመረምራለሁ። ዓመተ ምሕረት ስል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን እ.ኤ.አ. እያልሁ እለያለሁ።

ርእሱን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። በታሪክ ትምህርት የክርስትና መስፋፋት በተነሣ ቁጥር ከደቡብ ኦሞ ልጆች ዘንድ አንድ ጥያቄ አይታጣም፦ አያቶቻችን ፈጣሪን አያውቁም ነበር ማለት ነውን? ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተዘጋጁ መልሶች በገበያው ላይ አሉ። አንደኛው አያቶች በጨለማ ኖረው ብርሃኑ ከሰሜን ወይም ከባሕር ማዶ መጣላቸው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ቀድሞውኑ ነበረን፣ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው ይላል። ሁለቱም መልሶች በታሪክ ፊት አይጸኑም ብዬ አምናለሁ። የማይጸኑትም የደቡብ ኦሞን ታሪክ ስለሚስቱ ብቻ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኒቱንም የራሷን ታሪክ ስለሚስቱ ነው። የሥላሴ ትምህርት በደረሰበት አገር ሁሉ የአገሩን ቃል ተቀብሏል፤ የተቀበለውን ቃል ግን እንደ ነበረ አልተወውም። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው ይህንን ነው።

፩. ሁለት ቃላት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ምሥጢረ ሥላሴ ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጀመሪያው ነው። ይዘቱ ሲጠቃለል፣ እግዚአብሔር በስም፣ በአካልና በግብር ሦስት፣ በባሕርይ፣ በህልውናና በመለኮት አንድ ነው የሚል ነው። የትምህርቱ ክብደት በሁለት ቃላት ላይ ያርፋል። ‹ባሕርይ› ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ፣ ‹አካል› ደግሞ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ይመልሳሉ።

እነዚህ ሁለት ቃላት ተለያይተው የተወለዱ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ325 የኒቅያ ጉባኤ አርዮስን ሲያወግዝ፣ ‹ኡሲያ› እና ‹ሂፖስታሲስ› የተባሉት የግሪክ ቃላት ገና እንደ አንድ ይቆጠሩ ነበር። ዛሬ ባሕርይና አካል ብለን የምንለያቸው ቃላት እነዚህ ናቸው። ልዩነታቸው የጸናው ከኒቅያ በኋላ፣ እስከ 381ዱ የቁስጥንጥንያ ጉባኤ ባሉት ዓመታት ነው፤ ለዚህም የቂሣርያው ባስልዮስ፣ ወንድሙ የኑሲሱ ጎርጎርዮስና ባልንጀራቸው ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ዋነኞቹ ተጠቃሾች ናቸው። በላቲን የሚናገሩት ምዕራባውያን ግን ‹ሦስት ሂፖስታሲስ› ሲባል ሰምተው ደንግጠዋል፤ በቋንቋቸው ቃል በቃል ሲመለስ ሦስት አማልክት የሚል ይመስል ነበርና። የእምነቱ ባለቤቶች ራሳቸው አንዱን ነገር በሁለት ቋንቋ ለመናገር አሥርተ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ወደ ግእዝ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል። በግእዝ ‹ባሕርይ› የሚለው ቃል ዕንቍ ማለትም ነው። ‹አካል› ደግሞ ዛሬ በአማርኛ በዕለት ንግግራችን እጅና እግር ያለው ገላ ነው። ስለዚህ ‹ሦስት አካላት› የሚለውን ያለ መምህር የሰማ ሰው ሦስት ገላ ሊመስለው ይችላል፤ መምህሩም አካል ሲባል ሥጋ ማለት እንዳልሆነ አስቀድሞ ማስረዳት ይኖርበታል። የኒቅያ ጉባኤ ትልቁ ቃል ‹ሆሞኡሲዮስ› ነበር፤ በባሕርይ አንድ የሆነ ማለት ነው። የግእዙ ጸሎተ ሃይማኖት ግን ቃሉን ፊደል በፊደል አልተከተለም፤ ‹ዕሩይ› አለው፤ በመለኮት የተካከለ ማለት ነው። ጉባኤ የተጠራበትና ጳጳሳት የተሰደዱበት ቃል ወደ እኛ ሲገባ ሌላ መንገድ ይዞ ገባ። ሃይማኖቱ ግን አልጎደለም።

የአብነት መምህራን ይህን ትምህርት በምሳሌ ያስተምራሉ። ፀሐይ ክበቡ፣ ብርሃኑና ሙቀቱ፤ ነፍስ ልቧ፣ ቃሏና እስትንፋሷ ይጠቀሳሉ። ምሳሌውን ከሰጡ በኋላ ግን ‹ምሳሌ ዘየሐጽጽ› ብለው ይዘጉታል፤ የሚያንስ፣ ሙሉ በሙሉ የማይገልጥ ምሳሌ ማለት ነው። ይህ ሐረግ ወደ ኦሞ ስንወርድ ስለሚያስፈልገን ልብ በሉልኝ።

፪. አክሱም ያደረገችው

የአገራችን የመጀመሪያው የቃል ለውጥ በድንጋይ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ንጉሥ ዒዛና በቀደሙት ጽሑፎቹ ድሉን ለመሐርም ይሰጣል፤ አስተር፣ ብሔርና ምድር የተባሉ ስሞችም አብረው ይጠራሉ። በኋላ በተጻፈ የግእዝ ጽሑፉ እነዚህ ስሞች ጠፍተው ‹እግዚአ ሰማይ›፣ የሰማይ ጌታ፣ የሚል ስም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1969 በአክሱም የተገኘው የግሪክ ጽሑፉ ደግሞ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በግልጽ ይጠራል። በገንዘቡም ላይ ጨረቃና ክበብ የነበሩበትን ቦታ መስቀል ወስዷል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ላስምርባቸው። አንደኛ፣ ከመሐርም ወደ ሥላሴ የተሄደው ‹የሰማይ ጌታ› በሚል ስም በኩል ነው። ይህ ስም አይሁዳዊም፣ ክርስቲያንም፣ ከሁለቱም ውጭ የሆነ ሰውም ሊጠራው የሚችል ስም ነበር። በአገሩ ቋንቋ ሰፊው ስም፣ በግሪኩ ጥብቁ ስም ተጻፈ። ሁለተኛ፣ ዛሬ ከአንደበታችን የማይለየው ‹እግዚአብሔር› የሚለው ስም ራሱ ሲፈታ የብሔር ጌታ፣ የአገር ጌታ ማለት ነው። ‹ብሔር› ግን ከክርስትና በፊት በነበሩት ጽሑፎች ከመለኮታት ተራ የተጠራ ስም ነው። የአክሱም ክርስቲያኖች ቃሉን ከምድራቸው አንሥተው በአዲስ ትምህርት ሞሉት እንጂ ከሰማይ የወረደ እንግዳ ቃል አልጠበቁም።

አክሱም ከክርክሩም ርቃ አልነበረችም። ፍሬምናጦስን የሾመው የአርዮስ ዋነኛ ተቃዋሚ የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነበር። ወደ አርዮሳውያን ያዘነበለው ቄሣር ቆንስጣንጥዮስ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ ፍሬምናጦስ በአትናቴዎስ ምትክ በተሾመው በጊዮርጊስ ፊት ቀርቦ እንዲመረመር ጠይቋል። ደብዳቤውን ጠብቆ ያቆየልን አትናቴዎስ ራሱ ነው። ወልድ ከአብ ጋር ይተካከላል ወይስ ያንሳል የሚለው ጥያቄ በአክሱም ቤተ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

፫. ከደብረ ብርሃን እስከ ቦሩ ሜዳ

ትምህርቱ ከገባ በኋላም ቃላቱ አላረፉም። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ እ.ኤ.አ. በ1424 የፈጸመው መጽሐፈ ምሥጢር በባሕርይና በአካል ጉዳይ የተሳሳቱትን በየስማቸው የሚሞግት ሥራ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት ዘሚካኤላውያን የተባሉት ወገኖች የእግዚአብሔር መልክ በሰው ዘንድ ሊታወቅ አይችልም ሲሉ፣ ንጉሡ ሰው በእግዚአብሔር መልክና አምሳል ተፈጥሯልና መልክ አለው ብሎ አጥብቆ ተከራከረ። የአንዱ ወገን ስጋት አምላክን እንደ ሰው ማሳነስ፣ የሌላው ስጋት አምላክን ማንም የማያውቀው ባዶ ስም ማድረግ ነበር።

ከ17ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ ደግሞ ክርክሩ ወደ ቅባት፣ ጸጋና ተዋሕዶ ዞረ። የጸጋዎች፣ በሌላ ስማቸው የሦስት ልደቶች፣ ዋነኛ መቀመጫ ሸዋ ነበር። ጥያቄው ሲጠጥር ይህ ነው፦ ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ ሲባል መቀባቱ ለሥጋው ምን አደረገለት? የባሕርይ ልጅነት የተገኘው በተዋሕዶ ነው ወይስ በቅባት? ወይስ ልጅነቱ በጸጋ ነው? ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ በጠሩት ጉባኤ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ሦስት ልደት ተወግዞ ተዋሕዶ ጸና።

ይህን የማነሣው ለታሪክ ጌጥ አይደለም። ከቦሩ ሜዳ 20 ዓመት በኋላ የምኒልክ ጦር ወደ ኦሞ ወረደ። ለደቡብ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ አንድና ጽኑ ሆኖ የኖረ መስሎ የቀረበው ትምህርት፣ አምጪዎቹ ራሳቸው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ተጣልተውበት፣ ተወጋግዘውበት የጨረሱት ትምህርት ነበር። ከሸዋ የመጣ ሽማግሌ ወታደር በልጅነቱ የሰማው ትምህርት ‹ሦስት ልደት› የሚል፣ በሽምግልናው ያመነው ደግሞ ‹ተዋሕዶ› የሚል ሊሆን ይችል ነበር።

፬. 1890 ዓ.ም.፦ ስሙ ከጦር ጋር ደረሰ

ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከፋን ካስገበሩ በኋላ በ1890 ዓ.ም. ጦራቸውን ከኦሞ በስተ ምዕራብ እየመሩ እስከ ቱርካና ሐይቅ ወርደው የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። በዚያው አሥርተ ዓመት ከኦሞ በስተ ምሥራቅ የአሪ አገር ተያዘ፤ ባኮ የጦር ሰፈርና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። አሪው ገበሬ ገባር ሆኖ ለነፍጠኛው ተደለደለ። ቤተ ክርስቲያንም የተተከለው ከሰፈሩ ጋር ነው። በስመ አብ ብሎ ማማተብ በዚህ ምድር መጀመሪያ የታየው ጠመንጃ በያዘ እጅ ነው ቢባል የተጋነነ አይሆንም።

ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር አሌክሳንድር ቡላቶቪች የተባለ የሩሲያ ፈረሰኛ መኰንን ነበር። የዘመቻውን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1900 በመጽሐፍ አሳትሞታል፤ ስለ አካባቢያችን ከተጻፉት የዐይን ምስክሮች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። ቡላቶቪች በዘመቻው ከሐይቁ አቅራቢያ ቆስሎ የተጣለ ሕፃን አግኝቶ አነሣው፤ ቫሲካ ብሎ ሰየመው፤ ወደ ሩሲያም ወሰደው። ታሪክ የያዘው ይህን የሩሲያ ስሙን ነው።

የዚህ መኰንን ቀሪ ሕይወት ግን ከርእሳችን ጋር በአስደናቂ መንገድ ይገናኛል። ቡላቶቪች ውትድርናውን ትቶ መነኰሰ፤ አባ አንቶኒ ተባለ፤ በግሪክ ወደሚገኘው ወደ አቶስ ተራራ ሄደ። በዚያም የእግዚአብሔር ስም ራሱ እግዚአብሔር ነው የሚሉት የሩሲያ መነኰሳት መሪና ጠበቃ ሆነ። ተቃዋሚዎቹ ስም ስም ነው፣ ባሕርይ አይደለም፤ ስምን አምላክ ማለት ፍጡርን ማምለክ ነው አሉ። እርሱ ደግሞ በጸሎት የሚጠራው ስም ባዶ ድምፅ ከሆነ ጸሎት ራሱ ባዶ ይሆናል ብሎ መለሰ። እ.ኤ.አ. በ1913 የሩሲያ ቅዱስ ሲኖዶስ ትምህርቱን አወገዘ፤ በዚያው ዓመት የሩሲያ መርከቦችና ወታደሮች ተልከው ከ800 በላይ መነኰሳትን ከአቶስ አንሥተው ወደ ኦዴሳ ወሰዱ።

ቡላቶቪች ይህን ሐሳብ ከኦሞ ወሰደው አልልም፤ መነሻው የምሥራቁ ምንኵስና የጸሎት ልማድ ነው። ነገር ግን ሁለቱን ምዕራፎች ጎን ለጎን ማንበብ ለእኛ ይጠቅማል። በአንዱ ስሙ ከጦር ጋር ተጓዘ፤ በሌላው ስለ ስሙ ጦር ተላከ። በሁለቱም ዘንድ የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሰው እግዚአብሔርን የሚጠራበት ስም ከእግዚአብሔር ባሕርይ ጋር ምን ግንኙነት አለው? ስሙ ባሕርዩ ነው ካልን፣ አንዱ ቋንቋ ብቻ ባለቤት ይሆናል፤ ሌላው ሁሉ ጣዖት ጠሪ ነው። ስሙ ምንም አይደለም ካልን ደግሞ አክሱም ከመሐርም ወደ ሥላሴ ስትሻገር የለወጠችው ነገር የለም ማለት ነው። ታሪኩ ሁለቱንም አይቀበልም።

፭. ዐዋጁና ወንጌላውያኑ

ከ1923 ዓ.ም. በኋላ የሥላሴ ስም በሌላ መንገድም ወደዚህ ደረሰ። የንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ ስም ‹ኃይለ ሥላሴ› ነበርና፣ በየዐዋጁና በየማኅተሙ ላይ ሰፈረ። ምሥጢሩን ማንም ያላስተማረው ገባር እንኳ ስሙን በመንግሥት ስምነት ሰማው። አንድ ስም ትምህርቱን ትቶ ሥልጣኑን ብቻ ይዞ ሊጓዝ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ነሐሴ 21 ቀን 1936 ዓ.ም. የሚሲዮኖችን ሥራ የሚወስን ሕግ ወጣ። ሕጉ አገሪቱን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ለሚሲዮኖች ክፍት የሆነ ክልል ብሎ ለየ። የማስተማሪያው ቋንቋም አማርኛ እንዲሆን አዘዘ፤ በየአካባቢው ቋንቋ መጠቀም የተፈቀደው ለመሸጋገሪያና ለዕለት ግንኙነት ያህል ነበር። የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ከጦርነቱ በኋላ በባኮ ጣቢያ ከፈተ። ከፈረንጆቹ ይልቅ በእግራቸው እየተጓዙ መንደር ለመንደር ያስተማሩት ግን አብዛኞቹ ከወላይታና ከጎፋ የመጡ ወንጌላውያን ነበሩ።

የዚህን ሕግ ውጤት በቋንቋ ዐይን እንመልከተው። ፕሮቴስታንቱም ሆነ ኦርቶዶክሱ፣ በሌላው ሁሉ ቢለያዩም፣ የሥላሴን ትምህርት ወደ አሪና ወደ ማሌ ያደረሱት በአማርኛ፣ በአማርኛውም ውስጥ በግእዝ ቃላት ነው። ‹ሥላሴ›፣ ‹አካል›፣ ‹መለኮት›፣ ‹መንፈስ ቅዱስ› ሁሉም ከአንድ ጎተራ ወጡ። ለአንድ አሪ አዛውንት እነዚህ ቃላት የገባርነቱ ቋንቋ ቃላትም ነበሩ። ወንጌላዊው የተለየ ነገር ሊነግረው ቢመጣም፣ ቃሉ የነፍጠኛውን ድምፅ ተሸክሞ ነበር። ከወላይታ የመጣው ወንጌላዊ ግን አንድ ጥቅም ነበረው። በራሱ አገር እግዚአብሔርን ‹ጦሳ› ብሎ ይጠራ ስለነበር፣ የማሌው ‹ጾሲ› ለጆሮው እንግዳ አልሆነበትም። በአማርኛ ተጽፎ የመጣው ትምህርት በዘመድ ቋንቋ ሲነገር መጀመሪያ አገሬ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። አዲስ ኪዳን በአሪኛ ታትሞ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው፤ ጦሩ ባኮ ከሰፈረ አንድ ምእት ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

፮. የሰማዩ ስሞችና ባርጆ

አሁን የዚህን ምድር ስሞች እንያቸው። ዳሰነቾች ‹ዋግ›፣ አርቦሬዎች ‹ዋቅ› ይላሉ፤ ከኦሮሞው ‹ዋቃ› ጋር የአንድ ቤት ቃላት ናቸው፤ ሰማይም ፈጣሪም ማለት ነው። ኛንጋቶሞች ከቱርካናዎች ጋር የሚጋሩት ስም ‹አኩጅ› ነው፤ እርሱም ከላይነት ጋር የተያያዘ ነው። ሙርሲዎች ‹ቱምዊ› ይላሉ፤ ስፍራው ሰማይ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ እንደ ቀስተ ደመና ወይም እንደ ወፍ ባለ በሰማይ በሚታይ ነገር ይገለጣል፤ በሕዝቡና በእርሱ መካከል የሚቆመውም ኮሞሩ ነው። የእነዚህን ስሞች መንገድ ያስተዋለ ሰው የዒዛናን ‹እግዚአ ሰማይ› ማስታወሱ አይቀርም። አክሱም በ4ኛው ምእት ዓመት የቆመችበት ደፍ ላይ የኦሞ ቋንቋዎች ዛሬም ቆመው ይገኛሉ፤ በዚህ ደግሞ የሚያፍሩበት ነገር የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያነጋግረኝ ግን የሐመሮች፣ የበናዎችና የካሮዎች ‹ባርጆ› ነው። ጂን ሊዳልና ኢቮ ስትሬከር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የሐመር ጥናታቸው በስፋት መዝግበውታል። ባርጆ ፈጣሪ ተብሎ ይጠራል። ነገር ግን ሰው የራሱ ባርጆ አለው፤ ከብቱም፣ ማሳውም እንዲሁ። ሽማግሌዎች ባርጆን ይጠራሉ፤ መሪው ዝናቡን፣ ከብቱን፣ ጤናውን፣ ሰላሙን እየዘረዘረ ይመጣ ዘንድ ሲጠራ የተሰበሰቡት በኅብረት ይቀበላሉ። በዚህ አጠራር ባርጆ በረከት፣ ደኅንነት፣ የሕይወት መልካም ዕጣ ነው። እንግዲህ ተርጓሚው ‹እግዚአብሔር› የሚለውን ‹ባርጆ› ብሎ ቢመልሰው ምን ይሆናል?

ጥያቄው በግእዝ ቃላት ሲቀመጥ መልኩ ይገለጣል፦ ባርጆ ባሕርይ ነው ወይስ ጸጋ? ሰጪው ነው ወይስ ስጦታው? የቦሩ ሜዳ ሊቃውንት የተከራከሩበት መለያ መስመር በሐመር ሽማግሌ አንደበት ላይ ተሰምሮ እናገኘዋለን። ሐመሩ ስለ ጸጋና ስለ ባሕርይ ተከራክሮ አያውቅም፤ መለየትም አላስፈለገውም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ቀድሞ ነበረን የሚለው መልስ እዚህ ላይ ይወድቃል። ክርስትና ሰጪውን ከስጦታው ለይቶ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ያም አዲስ ጥያቄ ነው። ግን በጨለማ ነበሩ የሚለውም አብሮ ይወድቃል። መልካም የሆነው ሁሉ ከሰው እጅ ብቻ እንዳልሆነ፣ ተጠርቶ እንደሚመጣ፣ አንድ ሰው ለብቻው ሳይሆን ማኅበሩ በኅብረት ሊጠራው እንደሚገባ የሚያውቅ ሕዝብ፣ ጥያቄው የሚያርፍበት መሬት አለው።

ከስሙ ይልቅ የሚከብደው ‹ወልድ› የሚለው ነው። በሐመርም ሆነ በማሌ ማኅበራዊ ሕይወት የልደት ቅደም ተከተል ትልቅ ነገር ነው። አባት ከልጅ፣ በኵር ከታናሽ ይቀድማል፤ ታናሹ በበኵሩ ሥር ነው፤ ሥርዐትም ሲፈጸም ተራው አይዘለልም። ለእንዲህ ዐይነቱ አድማጭ ‹የእግዚአብሔር ልጅ› ሲባል መጀመሪያ የሚሰማው ኋላ የመጣ፣ ያነሰ፣ ታዛዥ የሆነ ነው። ይህ ደግሞ አለማወቅ አይደለም፤ አርዮስ በእስክንድርያ ያነሣው ክርክር ነው፤ ልጅ ከሆነ ያልነበረበት ጊዜ ነበረ የሚል። የማሌው ገበሬ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤተሰቡ ሥርዐት ተነሥቶ እዚያው ጥያቄ ላይ ይደርሳል። የግእዝ ተርጓሚዎች ‹ዕሩይ› ያሉት ለዚህ ነበር። በየቋንቋው የሚያስፈልገውም ያንን መተካከል የሚሸከም ቃል ነው፤ ምናልባት ከዕድሜ እኩዮች፣ ምናልባት ከቃል ኪዳን ወንድማማችነት የሚገኝ። ቃሉ ሲገኝም መምህሩ እንደ አብነት መምህራኑ ‹ምሳሌ ዘየሐጽጽ› ማለት ይኖርበታል፤ እኩያሞች ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሥላሴ ባሕርይ ግን አንድ ነውና።

በዚህ አንጻር ቃሉን ሳይተረጉሙ በአማርኛው ማስቀረት ቀላል መውጫ ይመስላል። ጥቅም የለውም አልልም፤ ግእዝም ‹ጴራቅሊጦስ›ን ከግሪክ እንዳለ ወስዷል። ነገር ግን ሁሉም ቃል እንግዳ ሆኖ ከቀረ፣ ትምህርቱ ከተማና ጽሕፈት ቤት ያለው ሰው ይዞታ ይሆናል፤ አዛውንቱ በዝምታ ይቀመጣሉ። ዝም ያለውን ሽማግሌ ደግሞ አያውቅም ማለት ቀላል ነው።

፯. ማጠቃለያ

እንግዲህ ከላይ ያነሣሁትን ጥያቄ በታሪክ ሰው ቋንቋ ልመልሰው። አያቶቻችን ስለ ሥላሴ አያውቁም ነበር፤ ከፍሬምናጦስ በፊት የነበሩት የአክሱም ሰዎችም አያውቁም ነበር። የአክሱም ሰዎች ግን አዲሱን ትምህርት የተቀበሉት አሮጌ ቃላቸውን ይዘው ነው፤ ማንም ቃላችሁን ጣሉ አላላቸውም። እነርሱም ብሔር የሚለውን ከነ ታሪኩ ወስደው ‹እግዚአብሔር› አሉ፤ ዕንቍ የሚለውንም ለመለኮት ምንነት ሰጡ። ለኦሞ ሕዝቦች ግን ይህ ዕድል ለረጅም ጊዜ አልተሰጣቸውም። ስሙ ከጦር፣ ከገባርነትና ከማኅተም ጋር መጣ፤ በራሳቸው ቋንቋ ለመመርመር ጊዜ የተገኘው ዘግይቶ ነው። ጉድለቱ ያለው እዚህ ላይ ነው እንጂ በአያቶቻችን አእምሮ አይደለም።

ከዚህ የሚከተል ሥራ አለ፤ ሥራውም የእናንተ የተማሪዎቼ ነው። ባርጆ የሚጠራበትን ቃል፣ ኮሞሩ ቱምዊን የሚለምንበትን ንግግር፣ የአሪው ባቢ ስለ ዝናብና ስለ ምድር የሚናገረውን የሚያውቁ አዛውንት በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። አማኝ ብትሆኑም ባትሆኑም፣ ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም ብትሆኑ፣ ወይም የአባቶቻችሁን ሥርዐት የምትጠብቁ ብትሆኑ፣ መዝግቡ። ስትመዘግቡም በአማርኛ ትርጉሙ አትርኩ፤ ቃሉን ራሱን፣ በምን ሰዓት፣ በማን ፊት፣ ለምን እንደሚባል ጻፉ። ‹እግዚአብሔር ማለት ነው› ብሎ ማለፍ የአንድ ሺሕ ስድስት መቶ ዓመት ሥራን በአንድ መስመር መዝለል ነው። ነገ ተርጓሚው፣ መምህሩ፣ የነገረ መለኮት ሊቁ ቃል ሲፈልግ ሊያገኝ የሚችለው እናንተ ካኖራችሁት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄና ውይይት እንሂድ።